ኬሞው በየ21 ቀኑ፣ ሰደቃችን በዓመት አንዴ



ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በሩ ላይ ሽርጥ ዘርግተው የሚቆሙ ወንድሞችን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። «ለአንድ ታማሚ ወንድማችን»፣ «ለአንዲት እህታችን የውጭ ሕክምና» ይላሉ፤ እኛም ኪሳችን ውስጥ ያለችውን 10 ወይም 20 ብር ጣል አድርገን ወደ ካፌ እናልፋለን። ገንዘቡ ይቆጠራል፣ ለቤተሰቡ ይሰጣል፣ ቴሌግራም ላይ «ጀዛኩሙላሁ ኸይረን» ይለጠፋል። ከዚያ በኋላ ስለ ታማሚው ወሬ የለም። ዳነ? ሕክምናውን ጨረሰ? ወይስ አገሩ ተመለሰ? አንጠይቅም። የጀመዓችንን ልግስና ለመንቀፍ አልተነሳሁም። የአሰጣጣችን መንገድ ግን ካንሰር ለያዘው የገጠር ሰው አይሆንም ባይ ነኝ።

ምክንያቴን በሒሳብ ላስረዳ። እንበልና አንዲት እናት ለጋምቦ ወረዳ፣ ከአቀስታ ወጣ ባለ ቀበሌ ይኖራሉ። የማንንም የተለየ ሰው ታሪክ እየነገርኳችሁ አይደለም፤ ከደቡብ ወሎ የመጣን ልጆች ግን መንገዱን በእግራችንም በአይሱዙም እናውቀዋለን። እኚህ እናት ጡታቸው ላይ ዕጢ አገኙ። አያምም፣ ስለዚህ ወራት አለፉ። ጤና ጣቢያ ሄዱ፣ ሪፈር ተጻፈላቸው፣ ሆስፒታል ሄዱ፣ ደሴ ተላኩ፣ ናሙና ተወሰደ፣ ውጤቱ ሲመጣ ካንሰር ነው ተባሉ። ቀዶ ሕክምናው ተሠራ። አሁን ኬሞ ቀረ፤ እንደ ዕጢው ዓይነትም ጨረር። ሐኪሞቹ ለዚህ አዲስ አበባ ላኳቸው።

ለጡት ካንሰር በብዛት ከሚሰጡት የኬሞ ዓይነቶች አንዱ 8 ዙር ነው፤ በየ21 ቀኑ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 8 ጊዜ መሄድ፣ 8 ጊዜ መመለስ 16 ጉዞ ይሆናል። ኬሞ የወሰደ ሰው ብቻውን መኪና ላይ አይሳፈርም፤ ስለዚህ አስታማሚ ይጨመር፣ 32 ሆነ። ከቀያቸው ደሴ አንድ መኪና፣ ከደሴ አዲስ አበባ ሌላ መኪና ነውና 64 ጊዜ ሒሳብ ይከፈላል። ይህ እንግዲህ ሁሉ ነገር በተያዘለት ቀን ሲሆን ነው።

በተያዘለት ቀን ደግሞ አይሆንም። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ደም ይመረመራል። ነጭ የደም ሕዋሱ ወርዶ ከተገኘ መድኃኒቱ ራሱ ሰውየውን ሊገድለው ስለሚችል «ከሳምንት በኋላ ተመለሱ» ይባላል። ለአዲስ አበባ ልጅ ይህ የሚያናድድ ዜና ነው፤ ለለጋምቦ እናት ግን ወይ ሌላ ደርሶ መልስ ወይ የ7 ቀን የአልጋና የምግብ ወጪ ነው። መንገዱ በጸጥታ ምክንያት የተዘጋባቸውን ሳምንታት፣ የሆስፒታሉ መድኃኒት አልቆ ከውጭ ፋርማሲ ግዙ የተባለባቸውን ቀናት አልቆጠርኩም።

ጨረሩ ይለያል፤ እሱ መመላለስ ጭራሽ አይቻልም። 25 ጊዜ ከታዘዘ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ስለሚሰጥ ድፍን 5 ሳምንት ነው። እያንዳንዷ ቀን ደቂቃዎች ትፈጃለች፤ የቀረው ሰዓት የት ይታደራል፣ ምን ይበላል የሚለው ነው ጥያቄው። የጨረር ሕክምና አገራችን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከተጀመረ ወዲህ ከ20 ዓመት በላይ ለመላው ኢትዮጵያ የነበረው ያ አንድ ማዕከል ብቻ ነው። ከሞያሌም ከሑመራም ያለው ታማሚ አንድ ወረፋ ላይ ይቆም ነበር፤ ወረፋው ወራት የሚፈጅባቸው ጊዜዎች ነበሩ። አሁን እንደ ጅማና ሐረር ባሉ ከተሞች ማዕከላት መከፈታቸው ትልቅ ነገር ነው። ለወሎ ገበሬ ግን ዋናው መንገድ እስካሁን ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ነው።

ለዚህ ነው የገጠር ታማሚ ብዙ ጊዜ ኬሞውን ሳይጨርስ የሚቀረው። የሚያቆመው መዳን ስላልፈለገ አይደለም። 1ኛው ዙር ላይ ፍየሎቹ ተሸጡ፣ 2ኛው ላይ በሬው፣ 3ኛው ላይ መሬቱ ለእኩል ተሰጠ ወይም ተከራየ፣ 4ኛው ላይ ዐረብ አገር ያለችው ልጅ የላከችው ብር ደረሰ፣ 5ኛው ላይ ምንም የለም። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ከ8 ዙር 4ቱን ወስዶ ማቆም ግማሽ መዳን ማለት አይደለም። ዕጢው ሊመለስ ይችላል፣ በሬው ግን አይመለስም። ቤተሰቡ እናቱንም ንብረቱንም ያጣል፤ ጎረቤቱ ደግሞ «ሄዳ ታክማ ምን አገኘች?» ብሎ የራሱን ዕጢ ደብቆ ይቀመጣል። የአንድ ሰው መቋረጥ የሚገድለው አንድ ሰው ብቻ አይደለም።

ሕፃናቱ ላይ ጉዳዩ ይብሳል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ በሀብታም አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ሕፃናት ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ፤ በብዙ ድሃና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከ30 በመቶ በታች። ድርጅቱ ከሚጠቅሳቸው ምክንያቶች አንዱ ሕክምናን ማቋረጥ ነው። ሌላው ሳይታወቅ መዘግየት ነው። ፎቶ ሲነሳ አንድ ዓይኑ ብሌን ላይ ነጭ ሆኖ የሚታይ ሕፃን ካያችሁ፣ በዚያው ሳምንት የዓይን ሐኪም ይየው። ዓይኑንም ሕይወቱንም ማትረፍ የሚቻልበት ጊዜ አጭር ነው።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። ካንሰር በየ21 ቀኑ ገንዘብ ይጠይቃል። እኛ የምንሰጠው እንዴት ነው? ወይ በረመዳን፣ ወይ አንድ ሰው ሞት አፋፍ ላይ ሲደርስ። ረመዳን ሲወጣ የሸዋል፣ የዙልቂዕዳ፣ የሙሐረም ቀጠሮ ባለቤት የለውም። ሞት አፋፍ ላይ የደረሰውን ሰው ለመርዳት ደግሞ ብዙ መቶ ሺህ ብር ለህንድ ወይም ለቱርክ ጉዞ እናሰባስባለን፤ በሽታው ተሰራጭቶ እዚያም ብዙ ሊደረግ በማይቻልበት ደረጃ ላይ። እዚህ አገር የማይሰጥ ሕክምና አለ፣ ውጭ ሄዶ የዳነም አለ፤ አልክድም። ግን በዚያው ሳምንት 5ኛ ዙሯ ላይ የትኬት አጥታ አገሯ የቀረችው እናት ስም በማንም ስልክ ላይ የለም። የእሷ ችግር አያስለቅስም፤ ፎቶ የለውም። ከአቀስታ አዲስ አበባ የመኪና ሒሳብ ነው።

ስለ ፎቶ ካነሳን አይቀር፦ የታማሚን ገላና ቁስል ግሩፕ ላይ መለጠፍ ይቅርብን። ዓሊም ስላልሆንኩ ሸሪዓዊ ብይን አልሰጥም፤ ነውር መሆኑን ለማወቅ ግን ዓሊም መሆን አያስፈልግም። የሆስፒታል ወረቀቱን ሁለት ታማኝ ሰው ካየው ይበቃል።

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚል ወንድም አለ። ልክ ነው፤ ይጠየቅም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለገጠሩ ሰው ትልቅ በር ከፍቷል፤ የመድን ደብተር ያለው ሰው ውል ባለበት ተቋም ለካርድ፣ ለምርመራና ለመድኃኒት በየጊዜው አይከፍልም። ችግሩ መድኑ ያለበትን ቦታ ማወቅ ላይ ነው። ደረጃውን ዘልሎ፣ ያለ ሪፈር በቀጥታ ትልቁ ሆስፒታል የሄደ ሰው እንደሌላው አይስተናገድም። የወረዳው ወይም የዞኑ መድን ከላኩት ሆስፒታል ጋር ውል አለው ወይ ብሎ ሳይጠይቅ የተሳፈረ ሰው 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በጥሬ ገንዘብ ይከፍላል። ከውጭ ፋርማሲ የገዛበትን ደረሰኝ የጣለ ሰው «ይመለስልኝ» ብሎ የሚጠይቅበት ወረቀት የለውም። የመኪናውን፣ የአልጋውንና የአስታማሚውን ምግብ ደግሞ ደብተሩ አያውቀውም። ሕግና የጤና አስተዳደር የምታጠኑ እህትና ወንድሞች፣ ይህ ክፍተት ለመመረቂያ ጽሑፍም ለአቤቱታም የሚበቃ ነው። እስከዚያው ግን ቀጠሮው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

አንድ ብዙ ታማሚ የማያውቀው ነገርም አለ። ኬሞ አዲስ አበባ ብቻ የሚሰጥ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ሐረር፣ እዚህ ደሴም ይሰጣል። አዲስ አበባ የተጀመረ ሕክምና ቀሪው ዙር ቅርብ ባለ ሆስፒታል ሊቀጥል ይችል እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ መብት ነው። መልሱ «አይቻልም» ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ እዚያ ላይኖር ይችላል። «ይቻላል» ከተባለ ግን ከቀሪዎቹ ዙሮች የመኪና ሒሳብ ግማሹ ይወርዳል፤ የወረደው ደግሞ ረጅሙና ውዱ ግማሽ ነው። ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ገንዘብ አያስፈልግም። ነጭ ጋዋን ያልፈራ፣ ማንበብ የሚችል ሰው አጠገብ ቢኖር ይበቃል። ያ ሰው እናንተ ናችሁ። በየቤተሰባችን ወረቀት የሚነበበው በእኛ ነው፤ ሚድ ላይ ሆነንም ቢሆን ስልክ የሚደወለው ለእኛ ነው።

ማረፊያውም ቢሆን ከዜሮ አይጀመርም። ልጁን ማቲዎስን በደም ካንሰር ያጣ አባት፣ አቶ ወንዱ በቀለ፣ ያቋቋሙት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክልል ለሚመጡ ታማሚዎች አዲስ አበባ ማረፊያ አለው። ካንሰር ለያዛቸው ሕፃናትና ለወላጆቻቸው ደግሞ ተስፋ አዲስ የተባለ የወላጆች ድርጅት አለ። ሰው የሚቀበሉት በበሽታው እንጂ በሃይማኖቱ አይደለም፤ የእኛም ገንዘብ እንዲሁ ቢሆን ደስ ይለኛል። ቦታቸው ውስን ነውና ሁሉን አይችሉም። ከገጠር የመጣ ሰው መናኸሪያ ወርዶ አልጋ ቤት ከመፈለጉ በፊት ግን አንድ ሰው ደውሎ ቢጠይቅለት ምን ይጎዳል?

ቅሬያችንንም ላንሳ። ወሎ ውስጥ ሰው ሲሞት ቅሬው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሰባሰባል። ቀባሪው አይጠራም፣ ራሱ ይመጣል፤ ድንኳኑ ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ሦስት ቀን ቤተሰቡ ምድጃ አያነድም። ዓለም ላይ እንዲህ ያለ ነገር ያለው ሕዝብ ጥቂት ነው፤ እኮራበታለሁ። ግን ያው ቅሬ ሰውየው ታሞ 6 ወር ሲተኛ ዱዓ አድርጎ፣ ቡና ጠጥቶ፣ «አላህ ያሽርህ» ብሎ ይወጣል። ደንቡ የተጻፈው ለሞት ስለሆነ ነው እንጂ ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም። ደንብ ደግሞ ይሻሻላል። ክረምት አገራችን ስንገባ የቅሬውን ዳኛ አግኝተን «ከመዋጮው ትንሿ ለታማሚ የመኪና ሒሳብ ትሁን» ብንል፣ ከአሥሩ አንዱ ቅሬ ቢቀበል እንኳ ብዙ ነው። አባቶቻችን የተማረ ልጅ ሲናገር ያዳምጣሉ፤ ሲያስተምራቸው ሳይሆን ሲያማክራቸው።

ከመስጂድ ኢማሞቻችን ጋርም የምንነጋገረው አለን። አንደኛው ሩቅያና ጥቁር አዝሙድ ነው። ሩቅያ ይደረግ፣ ዱዓውም አይቋረጥ፤ ነገር ግን ከሆስፒታሉ ጎን እንጂ በሆስፒታሉ ፈንታ አይሁን። አብዛኛው ታማሚያችን ሐኪም ፊት የሚደርሰው ዕጢው ከተሰራጨ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ወራት የት እንዳለፉ እናውቃለን። «ቢላዋ ከነካው ይሰራጫል» የሚለው ወሬም ኢማሙ ሚንበር ላይ ሆኖ አንዴ ቢናገርበት ከመቶ ፖስተር ይበልጣል። ሁለተኛው ጾም ነው። ኬሞ ላይ ያሉ እናቶች ረመዳን ገባ ብለው ቀጠሮ ያዘልላሉ ወይም ሐኪሙ ብሉ፣ ጠጡ ሲላቸው አሻፈረኝ ይላሉ። ለታማሚ የተሰጠውን ፈቃድ ከእኔ አይቀበሉም፤ ከሸይኻቸው ይቀበላሉ።

እህቶች፣ ይህን ክፍል እናንተ ብትጽፉት ይሻል ነበር። በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚታዩት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው፤ ሁለቱም ሐያእ የሚበዛባቸው ቦታዎች። እናት ለልጇ እንጂ ለባሏ እንኳ የማትነግረው ነገር አለ። የማኅፀን በር ቅድመ ምርመራ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች በብዙ ጤና ጣቢያዎች ይሰጣል፤ በአሴቲክ አሲድ ተቀብቶ በደቂቃዎች የሚታይ ነው፤ ገና ካንሰር ያልሆነ ለውጥ ከተገኘ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይታከማል። ሴት ባለሙያ ትየኝ ማለት ይቻላል፤ ደውሎ የምትገኝበትን ቀን ማወቅ ነው። ክትባቱም ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ ለልጃገረዶች በትምህርት ቤት እየተሰጠ ነው። «መሃን ያደርጋል» የሚለውን ወሬ ታናሽ እህታችሁ ቤት መልሱ። ይህች መርፌ ዛሬ ብትወሰድ ከ30 ዓመት በኋላ በማኅፀን በር ካንሰር ምክንያት የሚሳፈረው ሰው ይቀንሳል።

ታዲያ ምን ይደረግ? የማቀርበው ትንሽ ነገር ነው። ጀመዓችን በየወሩ ከፈቃደኛ አባል 10 ብር ይሰብስብ። 1000 ሰው ቢገባ በወር 10,000 ብር ነው፤ ማንንም ህንድ አይወስድም፣ ከዚህ እስከ አዲስ አበባ ግን የተወሰኑ ታማሚዎችን ከነአስታማሚዎቻቸው ያመላልሳል። ገንዘቡ ለመኪና፣ ለአልጋና ለምግብ ብቻ ይሁን፤ ለመድኃኒት ብለን ከጀመርን በአንድ ሰው አልቆ ይበተናል። ከሁሉ በላይ ታማሚ ስንቀበል እስከ መጨረሻው ዙር እንቀበል፤ 30 ሰው አንድ ጊዜ ከመስጠት 4 ሰው እስከ 8ኛ ዙር ማድረስ ይሻላል። ይህ ሲባል 26ቱን እምቢ ማለት ነው፤ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስብሰባው ላይ የምንጨቃጨቀውም በዚህ ይመስለኛል።

ከዘካ መውሰድ ይቻላል ወይ የሚል ጥያቄ ተነስቷል። በሱረቱ ተውባህ 60ኛ አንቀጽ ከተቆጠሩት 8 የዘካ ተቀባዮች መካከል ድሃ፣ ምስኪን፣ ባለ ዕዳና መንገደኛ አሉ፤ በሬውን ሽጦ መናኸሪያ የተቀመጠ ታማሚ ከእነዚህ ወደየትኛው እንደሚመደብ፣ ለመኪና ሒሳብ በወኪል መክፈል ያብቃቃል ወይ የሚለውን ግን ዑለማዎች ይመልሱት። ጥያቄው በጽሑፍ ይቅረብላቸው፤ መልሱ እስኪመጣ የምንሰበስበው ሰደቃ ብቻ ይሁን።

ከገንዘቡ ይልቅ የምጓጓው ለደብተሩ ነው። የጤና ሳይንስ ተማሪ የሆኑ ሁለት ወንድሞችና ሁለት እህቶች አንድ ደብተር ይያዙ፤ የታማሚው ስም፣ ስንተኛ ዙር ላይ እንዳለ፣ ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ እንደሆነ፣ የአስታማሚው ስልክ። ከቀጠሮው አምስት ቀን በፊት ይደወል፦ «እማማ፣ እንዴት ሰነበቱ? ሐሙስ ቀጠሮ አለዎት፤ ሒሳቡ አለ? የደም ምርመራውን እዚያው አቅራቢያ አሠርተው መምጣት ይችሉ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቀናል።» ስልክ የማይነሳ ከሆነ ያ ቀበሌ የመጣ ተማሪ ይፈለግ፤ በዚህ ግቢ ውስጥ የሌለ ወረዳ የለም።

የሚቀጥለው የጀመዓ ስብሰባ ላይ ይህን በአጀንዳ አስይዣለሁ። ደብተሩን ለመያዝ የምትፈልጉ እስከዚያ ስማችሁን ለአሚሩ ስጡ፤ አፋን ኦሮሞና አፋርኛ የምትናገሩ በተለይ፣ ከከሚሴና ከአፋር በኩል የሚመጡ ታማሚዎች ስላሉ።